የመሐንዲሱና የባለ ማረሻው ክርክር

(በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ላይ የተነበበ ንግግር)



በዚህ በዓል ላይ ንግግር እንድናደርግ በታዘዝን ጊዜ ርእስ ለመምረጥ ብዙ አልተቸገርንም፤ ክርክሩ ቀድሞውንም በመካከላችን ነበረና። ከእኛ እኩሌቶቹ ምህንድስና ለመማር ያስባሉ። እኩሌቶቹ ደግሞ ወደ ቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤት ገብተው ብረት መበየድን፣ አናጢነትን፣ ሞተር መፍታትን ይሻሉ። የፊተኞቹን «ወረቀቶች» እንላቸዋለን፤ የኋለኞቹን «መዶሻዎች»። ወረቀቶች፣ «መዶሻ ብቻውን ጣት ከመቀጥቀጥ በቀር ምን ይሠራል?» ይላሉ። መዶሻዎችም፣ «እናንተ በወረቀት ላይ የምትሥሉት በሬ ሣር አይበላም፤ ስለዚህም አይደክምም» ብለው ይመልሳሉ። በምሳ ሰዓት የተጀመረው ሙግት እስከ ማታ ጥናት ይዘልቃል። በመካከላችን ዳኛ ስለ ጠፋ ነገሩን ወደዚህ ሸንጎ አምጥተነዋል።

ምስክር ፍለጋ ሩቅ አገር መሄድ አላስፈለገንም። ከመንዝ እስከ ግሼ፣ ከዚያም እስከ መርሐ ቤቴ ድረስ ያለ ገበሬ ሁሉ የሚያውቀው ማረሻ ይበቃናል። ሞፈሩ፣ እርፉ፣ ሁለቱ ድግሮች፣ ቀንበሩ፣ ከጫፍ ያለው ብረትና ብረቱን የሚይዘው ወገል ናቸው፤ ሌላ ብዙ ነገር የለውም። እንጨቱን ገበሬው ራሱ ጠርቦ ያበጃል፤ ብረቱን ቀጥቃጩ ያወጣል። ሁሉም ከነቀንበሩ ሲመዘን ከ17 እስከ 26 ኪሎ ግራም ያህል ይሆናል። ይህ ቁጥር ለአንዳንዶቻችን ተራ ነገር መስሎን ነበር። ነገር ግን ማሳው ከገደል ማዶ የሆነ ሰው ማረሻውን በትከሻው አድርጎ ወርዶ እንደሚወጣ ስናስብ፣ ክብደቱ ራሱ የረጅም ዘመን ምህንድስና ሆኖ ታየን። ወረቀቶችም ይህን ያለ ክርክር ተቀብለዋል።

አሁን ወደ ጠቡ እንግባ። ኢልካ እየተባለ ይጠራ የነበረው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የከብት ሀብት ማእከል በደብረ ብርሃን የምርምር ጣቢያ ነበረው። የዚያ ጣቢያ ተመራማሪዎች ብዙው ገበሬ አንድ በሬ ብቻ እንዳለው፣ ጭራሽ በሬ የሌለውም እንዳለ ተመለከቱ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይም በአንድ በሬ የሚጎተት ማረሻ አዘጋጁ። ሞፈሩን አሳጠሩት፤ ከሥሩ መንሸራተቻ አደረጉለት፤ ቀንበሩንም ለአንድ አንገት አበጁት። በጣቢያው ማሳ ላይ ሲሞከር አንዱ በሬ ጥንዱ ከሚያርሰው ከግማሽ በላይ አረሰ። በሒሳብ ከተያዘ እንግዲህ ትልቅ ድል ነው፤ አንድ በሬ ያለው ሰው የሰው ደጅ መጥናት ቀረለት ማለት ነው።

ገበሬው ግን አልተቀበለውም። እኛም ስለ ምን እንደ ሆነ በክፍላችን ስንመረምር፣ ነገሩን ያስረዱን ወረቀቶች ሳይሆኑ የገበሬ ልጆች ናቸው። በደጋችን እርሻ የሚጀመረው በሬው በበጋው የመኖ እጥረት ከስቶ አጥንቱ በሚቆጠርበት ወራት ነው። መሬቱ አንዱ ድንጋያማ፣ አንዱ ተዳፋት፣ ሌላው እንደ ጭቃ ጡብ የጠነከረ ነው። ከዚያም በላይ ለአንድ በሬ ችግር መፍትሔው ከጥንት ጀምሮ ነበረ፤ ይኸውም መቀናጆ ነው። ሁለት ጎረቤቶች በሬዎቻቸውን አቀናጅተው ተራ በተራ ያርሳሉ። መቀናጆ በሬ ብቻ አያገናኝም፤ በአጨዳ ጊዜ ጉልበትን፣ በሐዘን ጊዜም ሰውን ያገናኛል። መሐንዲሱ ሁለተኛውን በሬ ሲቀንስ ሁለተኛውን ጎረቤት አብሮ መቀነሱን አላየም። መዶሻዎች በዚህ ጊዜ ጠረጴዛ እየመቱ እልል ብለው ነበር፤ የክፍላችን ኃላፊ መምህር መጥተው ዝም እስኪያሰኙን ድረስ።

እልልታው ግን ብዙ አልቆየም፤ ወረቀቶች ሁለተኛ ምስክር ጠርተዋልና። ይህኛው ምስክር የእነዋሪ ጥቁር አፈር ነው።

ከእኛ ደጋ አጠገብ በምትገኘው በሞረትና ጅሩ፣ በእነዋሪ ዙሪያ ያለው መሬት መረሬ ነው። በክረምት ውኃውን ይዞ አይለቅም፤ በበጋ ሰው እግሩን የሚያስገባበት ስንጥቅ ያወጣል። በኢትዮጵያ እንዲህ ያለ ጥቁር አፈር 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል እንደ ሆነ፣ ከዚህም 7.6 ሚሊዮኑ በደጋው ክፍል እንደሚገኝ ተጽፏል። ውኃ የተኛበት ዘር ስለሚበሰብስ፣ በብዙ ቦታ ገበሬው ዝናቡ እስኪያልፍ ጠብቆ ዘግይቶ ይዘራል፤ ያን ሁሉ የክረምት እርጥበት ሳይጠቀምበት ይቀራል። የእነዋሪ ሰዎች ግን ማንም መሐንዲስ ሳይነግራቸው መላውን አግኝተውት ነበር። ከታረሰ በኋላ አፈሩን ከቦዩ እያነሡ ወደ መደቡ ይከምራሉ፤ ውኃው በቦዩ ይወርዳል፣ ዘሩ በመደቡ ላይ ይበቅላል። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት በእጃቸው ነው። በማን እጅ? በሴቶችና በልጆች እጅ። በዚያ ቀዝቃዛ ጭቃ ላይ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ አፈር መዛቅ ምን እንደ ሆነ የሚያውቁ ሴት አያቶች ዛሬ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ሳይኖሩ አይቀሩም።

እዚህ ላይ ከመካከላችን አንዲት እኅታችን የተናገረችውን ማለፍ አንችልም። «ማረሻው የወንድ ነው፤ ለወንዱ በቅቶታልና ማንም ሊያሻሽለው አልተነሣም። የጎበጠውም የእናት ወገብ ነው» አለች። መዶሻዎች ለዚህ መልስ አልነበራቸውም፤ ወረቀቶችም ቢሆኑ ቀድመው አላሰቡትም።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1986 ኢልካ ከኢትዮጵያ የእርሻ ምርምር ድርጅት፣ ከዓለማያ፣ ከእርሻ ሚኒስቴርና በህንድ አገር ካለው ኢክሪሳት ከሚባለው የምርምር ተቋም ጋር ሆኖ የጥቁር አፈርን ጥናት ጀመረ። በህንድ አገር ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ ባለ መንኮራኩር የእርሻ መሣሪያ ነበረ፤ ነገር ግን ዋጋው ከደጋው ገበሬ አቅም በላይ ነው። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ወደ ማረሻው ተመለሱ። ሁለት ማረሻ ወስደው ሞፈሮቹን አሳጥረው አያያዟቸው፤ በድግሩ ፈንታ አፈሩን ወደ መካከል የሚገለብጥ ክንፍ አደረጉበት። ወደ 80 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ መደብና 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ቦይ አወጣ። የእነዋሪ ሴቶች በእጃቸው ይሠሩት የነበረው ሥራ ነው፤ አሁን ግን የሚሠሩት በሬዎች ናቸው።

እንግዲህ ወረቀቶች «አሸነፍን» ቢሉ እንፈርድላቸው ነበር። ይሁን እንጂ ነገሩ በዚህ አላበቃም። ሁለት ማረሻ በአንድ ጊዜ ሲጎተት ለበሬው ከባድ ነው፤ ተሸክሞ ወደ ማሳ መሄዱም ለሰው ከባድ ነው። ገበሬው ይህን በግልጽ ተናገረ። ከዚያ በኋላ የእንጨቱ ክንፍ በብረት ተለወጠ፤ መደቡን የሚያስተካክልና ዘሩን የሚያለብስ ሰንሰለትም ከኋላ ታሰረበት። ቆይቶም ዶክተር መለሰ ተመስገን የተባሉ ኢትዮጵያዊ መሐንዲስ አይባር የሚባለውን መሣሪያ አወጡ። ይህም ገበሬው በያዘው በአንዱ ማረሻ ላይ የሚገጠም ሆኖ ቀለል ያለ ነው። ሥዕሉ ከማሳ ወደ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛ ወደ ማሳ እንዲህ እየተመላለሰ ነው የተስተካከለው፤ ባመላለሰው ሁሉ ደግሞ ገበሬው ሳይስቅበት አልቀረም ብለን እናምናለን። የደጋ ሰው በእንግዳ ዕቃ ላይ ሲስቅ ማየት ነው!

ስለ ባለእጁ ጥቂት እንጨምር፤ ወላጆቻችንን የሚመለከት ነገር ስለሆነ ነው። አልፍሬድ ኢልግ የተባለው የስዊስ መሐንዲስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1879 ከሁለት የአገሩ ባለእጆች ጋር ወደ አንኮበር መጣ። ምኒልክ መጀመሪያ ካዘዙት ሥራ አንዱ ጫማ መስፋት ነበር ይባላል። የተማረው መሐንዲስም የአውሮፓ ጫማ ፈትቶ፣ አሠራሩን አይቶ፣ ሰፍቶ አቀረበ። ወረቀቶች ይህ ታሪክ ሲነሣ አንገታቸውን ይደፋሉ። ምኒልክ ኋላ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን የሚሰድብ እንዳይኖር አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነ። ዛሬም ግን ልጁ ምህንድስና የገባለት አባት ጎረቤት ጠርቶ ቡና ያስፈላል፤ ልጁ ብረት ሥራ የገባበት አባት «ነጥብ አልመጣለትም» ብሎ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ከመዶሻዎቻችን መካከል ነጥብ ያልጎደላቸው፣ ሙያውን ወደው የመረጡ አሉ። ስማቸውን አንጠራም፤ ለአባቶቻቸው ገና አልነገሩምና። ከዚህ ንግግር በኋላ ቢነግሩ ቡናው እንዲፈላላቸው እንለምናለን።

በክፍላችን የቀረው ክርክር አንድ ነው። መዶሻዎች የሚሉት ይህን ነው፤ «ክንፉ በድንጋይ ቢታጠፍ፣ በመሐል ሜዳ ገበያ የተቀመጠው ቀጥቃጭ በከሰሉና በወናፉ ሊያቃናው ካልቻለ መሣሪያው አላለቀም።» ወረቀቶችም «ይቻላል» ብለው ተወራርደዋል። ስለዚህ ፈተናው እንዳለቀ ሁለቱም ወገኖች አንድ የታጠፈ ብረት ይዘው ወደ ቀጥቃጩ አብረው ሊሄዱ ተስማምተዋል። ወረቀቶች ሥዕሉን ይይዛሉ። ብረቱን በዚያ ዳገት ማን እንደሚሸከም ግን እስከ ትናንት ማታ ድረስ አልተስማማንም።