የሂሳብ የቤት ሥራ ደረጃ በደረጃ
(በነዋሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ጥበቃ መዋጮ አይደለም፤ እሱን ገንዘብ ያዡ ያነሣላችኋል። የኔ ጉዳይ የልጆቻችን የሂሳብ የቤት ሥራ ነው።

ማታ በየቤቱ የሚሆነውን እናውቀዋለን። ልጁ ደብተሩን ይዞ ይመጣል። እናት «እኔ አልተማርኩ፤ ወንድምህን ጠይቅ» ትላለች። ወንድምየውም ቸኩሎ መልሱን ይነግረዋል፤ ወይም ከስልክ ያስገለብጠዋል። ደብተሩ ራይት በራይት ይሆናል። ፈተና ላይ ግን ወንድምም ስልክም አብሮ አይገባም። ልጁ ሲወድቅ «ሂሳብ የኔ ነገር አይደለም» ብሎ ይተወዋል። ባንዳንዱ ቤት ዱላ ይጨመርበታል። ዱላ ማካፈል ያስተማረው ልጅ አላየሁም።

እኔም የተማርኩት እስከ 6ኛ ክፍል ነው። መልሱን የማያውቅ ወላጅም ቢሆን መርዳት ይችላል ስል ግን በምክንያት ነው። አንድ ጥያቄ እንይ።

«አንድ ነጋዴ 3 ኩንታል ጤፍ ነበረው። 175 ኪሎ ሸጠ። የቀረውን 5 ኪሎ በሚይዝ ከረጢት ቢሞላው ስንት ከረጢት ይሆናል?»

ልጅ ይህን ሲያነብ የሚታየው ቁጥሩ ብቻ ነው። ከ3 ላይ 175 አይቀነስለትም፤ ስለዚህ 175ን ለ5 ያካፍልና 35 ብሎ ይጨርሳል። ማካፈሉ እኮ ትክክል ነው! ግን ያካፈለው የተሸጠውን ጤፍ ነው። እዚህ ላይ «ተሳስተሃል» አትበሉት። «ይህ 175 የምኑ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። «የተሸጠው» ይላል። «የተጠየቅኸውስ?» «የቀረው።» በቃ፣ ራሱ ይመለሳል። ኩንታል ስንት ኪሎ እንደሆነ ደግሞ ጤፍ ገዝታ የምታስፈጭ እናት ከማንም በላይ ታውቃለች። ከዚያ እያንዳንዱን ለየመስመሩ ይጻፍ፤

3 × 100 = 300 ኪሎ፣ የነበረው
300 − 175 = 125 ኪሎ፣ የቀረው
125 ÷ 5 = 25 ከረጢት

ከቁጥሩ አጠገብ ኪሎ፣ ከረጢት፣ ብር እያለ ይጻፍ። ሲጨርስ ወደኋላ ይመለስ፤ 25 ከረጢት በ5 ኪሎ ሲባዛ 125፣ የተሸጠው 175 ሲደመር 300። ጤፉ ሞላ።

ነጋዴዎቻችንም የምትስቁበት አንድ አለ። 800 ብር የነበረ ጫማ 25 በመቶ ተቀነሰለት፤ ቆይቶ በአዲሱ ዋጋ ላይ 25 በመቶ ተጨመረበት። ልጁ «ወደ 800 ተመለሰ» ይላል፤ ብዙ አዋቂም እንዲሁ። «25 በመቶ የምኑ?» በሉት። መጀመሪያ የ800 ነው፤ 200 ወረደ፤ 600 ሆነ። ሁለተኛው የ600 ነው፤ 150 ብቻ ወጣ፤ 750 ሆነ። 50 ብር ጠፋች ማለት ነው።

ሌላው ዜሮ መዝለል ነው። 612 ለ6 ሲካፈል 102 ነው፤ ልጆች 12 ብለው ያልፋሉ። 12 በ6 ሲባዛ 72 እንደሆነ ቢያዩ ወዲያው ይነቁ ነበር።

ማንበብ የማትችሉ ወላጆች ጥያቄውን ልጁ ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ። በራሱ ቃል ካላስረዳችሁ ጥያቄው አልገባውም ማለት ነው። የተሳሳተውን መስመር በላጲስ አያጥፋው፤ መምህሩ ልጁ የት ላይ እንደተደናቀፈ የሚያየው ከዚያ ነው። ስልኩንም ጠላት አላደርገውም፤ ሠርቶ ከጨረሰ በኋላ ያመሳክርበት።

በተረፈ ከመጪው ማክሰኞ ጀምሮ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ከ11 እስከ 12 ሰዓት ተኩል የማኅበሩ አዳራሽ ለ4ኛ፣ ለ5ኛና ለ6ኛ ክፍል ልጆች ክፍት ይሆናል። ደብተርና እርሳስ ይዘው ይምጡ። ከ9ኛ ክፍል በላይ ያላችሁ ወጣቶች ለማገዝ ፈቃደኛ ከሆናችሁ እኔ ዘንድ ተመዝገቡ። መልስ መንገር ግን ክልክል ነው።