ያልተረጋገጠ ግምት በሒሳብ ዓለም



በዕለት ተዕለት ንግግራችን «ግምት ነው እንጂ» ስንል ነገሩን ማቃለላችን ነው። የሒሳብ ሊቃውንት ግን «ኮንጀክቸር» የሚሉትን ግምት በክብር ያስቀምጡታል፤ ማረጋገጫው እንዳልተገኘም አይደብቁም።

እ.ኤ.አ. በ1742 ክርስቲያን ጎልድባክ ከሞስኮ፣ በርሊን ለነበረው ለሊዮናርድ ኦይለር ደብዳቤ ጻፈለት። ከደብዳቤው የመነጨው ግምት ከ2 የሚበልጥ ማንኛውም ተጋማሽ ቁጥር የሁለት ብቸኛ ቁጥሮች ድምር ነው ይላል። 10 የ3 እና የ7፣ 28 ደግሞ የ5 እና የ23 ድምር ነው። ኦይለር እውነትነቱን እንደማይጠራጠር፣ ማረጋገጥ ግን እንዳልቻለ መለሰለት። በኋላ ዘመን በኮምፒውተር እስከ 4 ቢሊዮን ቢሊዮን ድረስ ተፈትሾ የሚያፈርሰው አንድም ቁጥር አልተገኘም። ለነጋዴም ለዳኛም ይህን ያህል ምስክር ከበቂ በላይ ነው። ቁጥር ግን ማለቂያ የለውምና፣ ጎልድባክ ያነሣው ጉዳይ ዛሬም ግምት ነው።

ይህ ግትርነት የሚመስለው ካለ፣ በራሱ በኦይለር የደረሰውን ይመልከት። በ1769 አምስተኛ ርቢዎችን ደምሮ ሌላ አምስተኛ ርቢ ለማግኘት ቢያንስ አምስት ቁጥሮች ያስፈልጋሉ ብሎ ገመተ። ገማቹ ኦይለር ነውና ማን ደፍሮ ይጠርጥር? ግምቱ ወደ 200 ዓመት ገደማ ሳይነካ ቆየ። በ1966 ላንደር እና ፓርኪን በኮምፒውተር ሲያስሱ አራት ቁጥሮች ብቻ በቂ ሆነው አገኟቸው፦ 27፣ 84፣ 110 እና 133። እያንዳንዱን አምስት ጊዜ በራሱ አባዝተን ብንደምር 61,917,364,224 ይመጣል፤ 144ም እንደዚሁ ሲባዛ የሚሰጠው ይህንኑ ነው። ጽሑፋቸው ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር። (የእኛ ዘመን ተመራማሪ ቢሆን መቅድሙ ብቻ ስንት ገጽ በፈጀ!)

የሚቀናውም አለ። የሒሳብ ሊቁ ፖይንካሬ በ1904 ያነሣውን ጥያቄ ግሪጎሪ ፔረልማን በ2002 እና በ2003 ባወጣቸው ጽሑፎች ፈታው፤ ለመፍትሔው የተሰጠውን የ1 ሚሊዮን ዶላር ሽልማትም አልቀበልም አለ።

እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን በግምት ላይ የሚሠራበት ሥርዓት ነው። በርንሃርድ ሪማን በ1859 ያቀረበው፣ ብቸኛ ቁጥሮች እንዴት እንደተሰራጩ የሚመለከተው መላምት እስካሁን አልተረጋገጠም። ሆኖም በርካታ ሥራዎች «የሪማን መላምት እውነት ከሆነ» ብለው ይጀምራሉ። መላምቱ አንድ ቀን ቢፈርስ ድምዳሜዎቻቸው ድጋፍ ያጣሉ፤ ጸሐፊዎቻቸው ግን ይህን ለአንባቢ የነገሩት ገና ከመነሻው ነው።