በሞቃት አገር የናፍጣ ሞተር ከመነሣቱ በፊት መሞቅ ያስፈልገዋልን? የራያ ቆቦ ቆላ እንደ ማሳያ



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ከጋራዥ ደጃፍ የተወሰደ ቢሆንም፣ መልሱ የሚገኘው በቴርሞዳይናሚክስ ውስጥ ነው። በቆቦና በአካባቢዋ ቆላ፣ «አገሩ ሙቅ ነው፤ ሞተሩን አስቀድሞ ማሞቅ ምን ያደርጋል?» የሚል ባለሙያ አለ። ማሞቂያውን ሳያበራ ቁልፍ የማያዞርም አለ። ሁለቱም የሚመለከቱት ሰማዩን ነው። እኔ ግን መመልከት የሚገባን የሞተሩን ሆድ ነው እላለሁ።

የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር በእሳት ብልጭታ አይነሣም። ፒስተኑ አየሩን ሲያምቀው አየሩ ይግላል፤ የሚረጨው ናፍጣም በዚያ ግለት ይቀጣጠላል። የእመቃው መጠን 18 ለ1 የሆነ ሞተር እንውሰድ። ወደ ሲሊንደሩ ግድግዳ የሚያመልጠውን ሙቀት ከግምት አስገብተን ኢንዴክሱን 1.3 ብናደርግ፣ በቆቦ ማለዳ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ የገባው አየር ወደ 436 ዲግሪ ይደርሳል። በደብረ ብርሃን ብርድ በ5 ዲግሪ የገባው ደግሞ ወደ 389 ይደርሳል። በውጭ የነበረው የ20 ዲግሪ ልዩነት በውስጥ ወደ 47 አደገ ማለት ነው። ስለዚህ የቆላው ሙቀት ይረዳል፤ ይህ አይካድም።

ይሁን እንጂ ባትሪው ደክሞ ሞተሪኖው በዝግታ ቢያዞር፣ ወይም የፒስተኑ ቀለበቶች አልቀው አየር ቢያሾልኩ፣ ኢንዴክሱ ወደ 1.2 ሊወርድ ይችላል። ያን ጊዜ የዚያው የቆቦ አየር ግለት ወደ 258 ዲግሪ ያሽቆለቁላል። ናፍጣ በጥቂት ሚሊሰከንድ ውስጥ እንዲቀጣጠል ይህ አይበቃም። እንግዲህ የሞተሩ ጤንነት ከአየር ጠባዩ ይልቅ ይከብዳል።

ለዚህ ቅርብ ምስክራችን በእጅ የሚነሣው የእህል ወፍጮ ሞተር ነው። ማሞቂያም ባትሪም የለውም። ባለ ወፍጮው የእመቃ ማስለቀቂያውን ከፍቶ ከባዱን መንኮራኩር በፍጥነት ያሽከረክራል፤ ከዚያም ማስለቀቂያውን ይዘጋል። ሞተሩን የሚያስነሣው ፍጥነትና እመቃ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የሞተሩ አሠራር ነው። ናፍጣው በቀጥታ በፒስተኑ አናት ላይ የሚረጭበት ሞተር በቆላ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ማሞቂያ ይነሣል። ናፍጣው አስቀድሞ ወደ ትንሽ የጎን ክፍል የሚረጭበት ግን የክፍሉ ግድግዳ ሙቀቱን ስለሚሻማው፣ በ25 ዲግሪም ቢሆን ለጥቂት ሰከንድ ማሞቂያ ሊፈልግ ይችላል። በገጠር መንገዶቻችን የሚታወቀው የላንድክሩዘር «ዋን ኤች ዜድ» ሞተር ከዚህ ወገን ነው። ተሽከርካሪው ከሥራ ቆሞ ገና ሳይበርድ ሲነሣ ግን የብረቱ ሙቀት ራሱ ይበቃል።

ይህ ነገር ለራያ ቆቦ ገበሬ የመማሪያ ክፍል ጨዋታ አይደለም። ሽንኩርቱ ውኃ በሚጠማበት ሰሞን ፓምፑ አልነሣ ሲል፣ በአየር ማስገቢያው ላይ እሳት መለኮስ ወይም ኤተር መንፋት ይቀናል። ኤተር ከጋለ ማሞቂያ ጋር ሲገናኝ ያለ ጊዜው ፈንድቶ ፒስተን ሊሰብር፣ ሰውም ሊያቆስል ይችላል። ከዚህ በፊት ያለ ማሞቂያ ይነሣ የነበረ ሞተር በቆላ ሙቀት እንቢ ካለ፣ የሚፈልገው እሳት ሳይሆን ምርመራ ነው፦ ባትሪው፣ በናፍጣው መስመር የገባ አየር፣ የናፍጣ መርጫው፣ እመቃው በየተራ ይታዩ።

ከተነሣ በኋላ ሞተሩን በባዶ ለረጅም ጊዜ ማስጮህም ሌላ ጉዳይ ነው። ዘይቱ እስኪዳረስ ጥቂት ከታገሡ በኋላ በቀላል ሥራ ማሞቅ ይሻላል፤ ከዚያ ያለፈው ናፍጣ ማባከን ነው።

ስለዚህ ተማሪዎቼ፣ ነገ አንድ ገበሬ ወይም ሾፌር ይህን ጥያቄ ሲያቀርብላችሁ «አገሩ ሙቅ ነው» ብላችሁ አትመልሱ። «ሞተሩ ምን ዓይነት ነው? እመቃውስ እንዴት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።