ሂሳቡ ከወጪው ይጀመር

እዚህ እንግሊዝ አገር ሆስፒታል ተኝቶ ሲታከም አንድ ሳንቲም የማይጠየቅ ነዋሪ፣ ቤቱ ተመልሶ ገላውን የሚያጥበውና ልብስ የሚያለብሰው ረዳት በቋሚነት ሲመደብለት ግን ከካውንስሉ የክፍያ ደብዳቤ ይደርሰዋል። ይህ ልዩነት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1948 ጀምሮ የኖረ ነው። ሕክምናው ለሁሉም በነፃ ሲሆን፣ እንክብካቤው እንደየሰው አቅም እንዲከፈልበት ለአካባቢ መስተዳድሮች ተተወ። ዛሬ በሥራ ላይ ባለው የ2014ቱ የእንክብካቤ ሕግ መሠረት፣ የሚኖርበት ቤት ሳይታሰብ ከ23,250 ፓውንድ በላይ ቁጠባ ያለውን ሰው ካውንስሉ ሙሉ ወጪውን ሊያስከፍለው ይችላል። ይህ መጠን ከ2010 ወዲህ አልተነካም። ኑሮው ግን በየዓመቱ ስለተወደደ፣ ያው ቁጥር ዛሬ አቅሙ ያነሰውንም ሰው ይነካል። አንድ ሰው በሕይወት ዘመኑ ለእንክብካቤ የሚከፍለውን በ86,000 ፓውንድ ለመገደብ ታስቦ የነበረው ዕቅድም በ2024 ተሰርዟል።

የኔ ክርክር፣ የክፍያው ሂሳብ ከገቢ ሳይሆን ሕመሙ ከሚያስከትለው ወጪ መጀመር አለበት የሚል ነው። ሽንቱን መቆጣጠር ያቃተው ሰው አንሶላው በቀን ሁለት ሦስቴ ይታጠባል። የማጠቢያ ማሽኑ መብራት፣ ሳሙናው፣ ቶሎ የሚያልቀው ፍራሽ፣ ተቀምጦ ለሚውል ሰው ቀኑን ሙሉ የሚበራው ማሞቂያ፣ ሁሉም ገንዘብ ነው። ካውንስሉ የአካል ጉዳት አበልን እንደ ገቢ ሲቆጥር ለእንዲህ ያለው አስፈላጊ ወጪ የሚበቃውን እንዲተውለት መመሪያው ያዛል፤ ነገር ግን ያልተነገረውን ወጪ ማንም አይቆጥረውም። የኖርፎክ ካውንስል ጉዳይ ደግሞ የአሠራሩን ችግር ቁልጭ አድርጎ አሳይቷል። ደንቡ የሥራ ደመወዝን ከሂሳቡ ውጭ ያደርጋል፤ አበል ግን ይቆጠራል። ስለዚህ ጉዳታቸው ጠንቶ ፈጽሞ መሥራት የማይችሉት፣ መሥራት ከሚችሉት ይልቅ ከገቢያቸው የበለጠ ድርሻ ተወሰደባቸው። ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2020 ይህ አድልዎ ነው ብሎ ፈረደ።

ካውንስሎቹ በጀት አጥሯቸዋል፣ ካላስከፈሉ አገልግሎቱን ይቀንሳሉ የሚሉ አሉ። የበጀቱ ችግር እውነት ነው፤ አቃልዬ አላየውም። ነገር ግን ክፍያውን ፈርቶ ረዳቱን የመለሰ ሽማግሌ መታጠቢያ ቤት ወድቆ ሆስፒታል ሲገባ፣ ወጪው ወደ ሌላ የሕዝብ ካዝና ዞረ እንጂ አልዳነም። ሕጉም ካውንስሉ ማስከፈል ይችላል ይላል እንጂ ለቤት ውስጥ እንክብካቤ የግድ ያስከፍል አይልም። ለንደን ውስጥ የሀመርስሚዝና ፉልሃም ካውንስል በ2015 ይህን ክፍያ አንሥቷል፤ ስኮትላንድ ከ2002 ጀምሮ ለአረጋውያን የግል እንክብካቤን በነፃ ታቀርባለች። ሀብታሙም በነፃ ይጠቀማል ለሚሉ፣ ሀብታሙ ድርሻውን በግብር ይክፈል እላለሁ፤ መታመሙ ተጨማሪ ግብር ሊሆንበት አይገባም።

በእኛ ዘንድ ስለ አንሶላና ስለ ሽንት ለማያውቁት ሰው መናገር ያሳፍራል፤ አስተርጓሚው ልጅ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ያልተነገረ ወጪ ግን ስለማይቆጠር፣ ዛሬ ጠዋት ሥልጠናውን የምንጀምረው የወጪ መመዝገቢያ ቅጹን በአማርኛ መስመር በመስመር በመሙላት ነው። ሥልጠናው ተከፍቷል።