ስለ ዳይኖሰር መጫወቻዎችና ስለ አንዲት መሐለቅ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት ለወላጆች፣ ለመምህራንና ለተማሪዎች የተነበበ ንግግር)





 ከእኛ በፊት የተናገሩት ተማሪዎች ስለ ትምህርት ጥቅምና ስለ ስፖርት መልካም ነገር አሰምተውናል። እኛ የመረጥነው ርእስ ግን ለአንዳንዶቻችሁ የሕፃናት ነገር መስሎ እንደሚታያችሁ እናውቃለን፤ ይኸውም የዳይኖሰር መጫወቻ ስለ መሰብሰብ ነው። ጥቂት እንድትታገሡን እንለምናለን፤ ነገሩ በጨዋታ ቢጀመርም በጨዋታ አላለቀምና።

እኛ ስንል ሦስት ነን። የሦስታችንም ቤት ከጀጎል ውስጥ፣ ከኤረር በር ብዙ ሳይርቅ ነው። ከመጀመሪያ ክፍል አንሥቶ በሚሲዮን ትምህርት ቤት በአንድ ወንበር ተቀምጠን ተምረናል። በዚህ ንግግር የምንጠራቸው ዓመቶች፣ ለይተን ካልተናገርን በቀር፣ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

መጀመሪያ የገዛናቸው አምስት ዳይኖሰሮች በላስቲክ ከረጢት ታስረው ከገበያ የተገኙ የቻይና ሥራዎች ነበሩ። ያን ጊዜ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ነበርን። አንደኛው ሦስት ቀንድ ነበረው፤ ሌላው የኋላ እግሩ ስለ ተጣመመ በመጽሐፍ ካልተደገፈ አይቆምም ነበር። የአምስቱንም ስም አናውቅምና ትልቁን «ጅቡ» ብለን ጠራነው፤ የሐረር ልጅ አስፈሪ አውሬ ሲያይ ሌላ ስም ከወዴት ያመጣል? የባዮሎጂ መምህራችን ይህን ሰምተው ሳቁና፣ «ስሙን የማታውቁትን ነገር አከማቸን በሉ እንጂ ሰበሰብን አትበሉ» አሉን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእያንዳንዱ መጫወቻ ቍጥር ሰጥተን፣ ስሙን፣ ከማን እንደ ተገኘና በምን ዋጋ እንደ ተገዛ በአንድ ደብተር እንጽፍ ጀመር።

ደብተሩም ሌላ ጥያቄ አስከተለ። «ዳይኖሰር» የሚለውን ስም በ1842 ያወጣው ሪቻርድ ኦውን የሚባል እንግሊዛዊ ሊቅ ነው። ከ12 ዓመት በኋላ ቤንጃሚን ዋተርሃውስ ሆኪንስ የተባለ ሠዓሊና ቀራጭ፣ ክሪስታል ፓላስ በሚባለው የለንደን መናፈሻ የእነዚህን አራዊት ምስል በቁመታቸው ልክ ሠርቶ ለሕዝብ አሳየ። ገና ሥራው ሳያልቅ፣ በ1853 የመጨረሻ ምሽት፣ ሊቃውንቱን ጋብዞ በኢጓኖዶን ምስል ውስጥ ራት አብልቷቸዋል። የዚያው የኢጓኖዶን አውራ ጣት አጥንት ቀንድ ነው ተብሎ በአፍንጫው ላይ ተተክሎ ነበር፤ ስሕተቱም ከታወቀ በኋላ ምስሉ እስከ ዛሬ እንደዚያው ቆሟል። ይህን ካነበብን በኋላ የእኛ «ጅብ» ያን ያህል አላሳፈረንም። ሆኪንስ የምስሎቹን ትንንሽ ቅጂ ለማስተማሪያ ስላሠራ፣ የዳይኖሰር መጫወቻ ታሪክ ከዚያ ይጀምራል ብንል ብዙ አንሳሳትም።

ፕላስቲክ ከመጣ ወዲህ ነገሩ ሁሉ ፈጠነ። በአሜሪካ የሉዊስ ማርክስ ፋብሪካ በ1955 የፕላስቲክ ዳይኖሰሮቹን አወጣ። በ1964 እና በ1965 በኒው ዮርክ በተደረገው የዓለም ትርዒት፣ ሲንክሌር የተባለው የነዳጅ ኩባንያ ባሳየው የዳይኖሰር ሥፍራ፣ ሰው ሳንቲም በመኪና ውስጥ ሲጨምር መኪናው ዓይኑ እያየ የፕላስቲክ ዳይኖሰር ሠርቶ ይሰጠው ነበር። በእንግሊዝ አገር ኢንቪክታ የተባለው ፋብሪካ ከ1974 ጀምሮ ለለንደኑ የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር በ45 እጅ ያነሱ፣ መጀመሪያ ላይ ባለ አንድ ቀለም የሆኑ ዳይኖሰሮች ሠራ። በአሜሪካ ደግሞ በካርኔጊ ቤተ መዘክር ስም የሚሸጡት ከ1988 እስከ 2015 ተሠርተው ቆሙ። ከእነዚህ አንዱን፣ ቶሮንቶ የሚኖር የአንዳችን አጎት ለዒድ ሲመጣ አምጥቶልናል፤ በደብተራችን ቍጥር 14 የተባለው እርሱ ነው።

የውድነታቸውን ምክንያት ለማወቅ ብዙ ደክመናል። ፕላስቲኩ ቀልጦ የሚፈስበት ፎርማ ሲያረጅ ወይም ፋብሪካው ሥራውን ሲተው፣ በዓለም ላይ ያለው ቍጥር ከዚያ በኋላ መቀነስ እንጂ መጨመር አይችልም። ልጆች ጅራቱን ይሰብራሉ፤ ውሻ ያኝከዋል፤ እናቶች ቤት ሲጠርጉ ይጥሉታል። በመጨረሻ ከፍ ባለ ዋጋ የሚሸጠው ከነካርቶኑ የቀረው፣ ማንም ልጅ ያልነካው ነው። መጫወቻ ሆኖ ሳለ ያልተጫወቱበት በመሆኑ መክበሩ እኛን እስከ ዛሬ ይገርመናል። ይሁን እንጂ መገረማችን ከመመኘት አልከለከለንም። የምንመኘውም የኢንቪክታን ስቴጎሶረስ ነበር፤ በጀርባው ላይ ሰፋፊ የአጥንት ገበታዎች በሁለት ረድፍ የቆሙለት፣ በዕፅዋት በልነቱ የታወቀው እንስሳ ነው። የአክስቱ ልጅ ሊባል የሚችለው ኬንትሮሶረስ ከ1909 እስከ 1913 ባለው ጊዜ ጀርመኖች በታንዛኒያ ተንዳጉሩ ከሚባል ሥፍራ ቈፍረው ያወጡት ስለ ሆነ፣ «የእኛው የምሥራቅ አፍሪካ ዘመድ ነው» እያልን እንመካበት ነበር። በአገራችንም በዓባይ ሸለቆ በሙገር በኩል የዳይኖሰር ጥርሶች ተገኝተው በ1999 ተጽፎባቸዋል። የእኛ የምሥራቁ ምድር ግን በጁራሲክ ዘመን በባሕር ተሸፍኖ ነበር፤ የድሬዳዋ የኖራ ድንጋይ የዚያ ባሕር ደለል ነው።

አሁን ለመናገር ወደሚያስቸግረን ነገር ደርሰናል።

የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ሳለን፣ በክረምት፣ አንድ የውጭ አገር እንግዳ ከተማችንን ሊጐበኝ መጣ፤ እኛም በጀጎል ውስጥ መንገድ መራነው። ሰውየው አሮጌ ገንዘብ ሰብሳቢ ነበር። እርሱ ስለ ገንዘቦቹ፣ እኛም ስለ ዳይኖሰሮቻችን ስንጫወት፣ የሐረር መሐለቅ ብንሰጠው የምንመኘውን ስቴጎሶረስ እንደሚልክልን ነገረን።

መሐለቅ የሚለው ቃል በአማርኛም ለትንሽ ገንዘብ የሚነገር ስለ ሆነ ለማንም እንግዳ አይደለም። የሐረር አሚሮች ግን በዚህ ስም የሚጠራ የራሳቸውን ገንዘብ ያስመቱ ነበር። በ1855 መጀመሪያ በኤረር በር ገብቶ አሥር ቀን ያህል በሐረር የተቀመጠው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን፣ በአንድ ፊቱ የሐረር ስም በዐረብኛ፣ በሌላው ፊቱ ዓመተ ሂጅራ እንደ ተጻፈበት መዝግቧል። ከተማይቱ በ1887 በዳግማዊ ምኒልክ ግዛት ሥር ከገባች በኋላ የአሚሮቹ መሐለቅ መመታት ቀረ። እንግዲህ የዚህም ፎርማ ቆሟል ማለት ነው። ይህን የፎርማ ነገር ስለ ፕላስቲክ ስንማር ያወቅነው ሆኖ ሳለ፣ ስለ መሐለቅ ግን አላሰብነውም።

የአንዳችን አያት አሥራ አንድ መሐለቆች በሙዳይ ውስጥ ነበሯቸው። ከአሥራ አንዱ አንዷን አነሣን። ማን እንዳነሣት አንናገርም፤ ሦስታችንም እናውቅ ነበርና። ከኤረር በር ውጭ፣ ጫትና አትክልት ከሚሸጥበት ግርግር አጠገብ፣ ለእንግዳው ሰጠነው። ሰውየው ቃሉን ጠበቀ፤ በሁለተኛው ወር ስቴጎሶረሱ በመንገደኛ እጅ መጣልን። ከሆዱ ሥር የፋብሪካውና የቤተ መዘክሩ ስም ታትሟል። ርዝመቱን ለክተን በ45 ስናበዛው ሰባት ሜትር አለፈ። ቍጥር 23 ብለን ጻፍነው፤ በዋጋው ዓምድ ግን ምንም አልጻፍንም።

ለረመዳን ቤቱ ሲጸዳና ሲቀባ አያታችን ሙዳዩን ከፍተው ቈጠሩ፤ አሥር ሆነባቸው። ሁለተኛም ቈጠሩ። በቤቱ ከኤረር ወዲያ ካለ ገጠር የመጣች፣ ከእኛ በዕድሜ ብዙም የማትበልጥ ሠራተኛ ነበረች። አያታችን ስሟን አልጠሩም፤ የቤቱ ሰዎች ግን ጠሩ። ሙዳዩ ያለበትን ክፍል የምትጠርገው እርሷ ነበረችና። ልጅቷ ማለች፣ አለቀሰች፤ ማንም አላመናትም። እኛ ይህን ሁሉ እያየን ሁለት ቀን ዝም አልን። በእነዚያ ሁለት ቀኖች ውስጥ የሒሳብ ፈተና ተፈትነን ጥሩ ውጤት ማግኘታችንን ስናስታውስ ዛሬም ያሳፍረናል። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ልብሷን በነጠላ ቋጥራ በኤረር በር ስትወጣ አየናት። ያን ጊዜ አንዳችን ወደ አያታችን ሮጠ፤ ሁለታችን ልጅቷን ተከትለን ሮጥን።

የደረስንባት ከበሩ ውጭ ቍልቍለቱ ላይ ነበር። መሐለቋን የወሰድነው እኛ መሆናችንን ስንነግራት ምንም አልተናገረችም፤ ቋጠሮዋን መሬት ላይ አስቀምጣ ተቀመጠችበትና ብዙ ጊዜ ወደ ሸለቆው ስትመለከት ቆየች። ኋላ የአያታችን ልጅ መጥተው ይቅርታ ጠይቀው መለሷት። እስከ ዛሬ በዚያው ቤት ናት፤ ሰላምታችንን ግን በግማሽ ነው የምትመልሰው። ይህን በአደባባይ ለመናገር እርሷንም አያታችንንም አስፈቅደናል። እርሷም፣ «ተናገሩ፤ ሌባ አለመሆኔን ብዙ ሰው ይስማ» ብላናለች።

መሐለቋን ለማስመለስ ለሰውየው ጻፍን፤ መልስ አልመጣም። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቍጥር 209/1992፣ ይኸውም በአገራችን አቈጣጠር በ1992 ዓ.ም. በወጣው፣ የተከለከለ መሆኑን ያወቅነው ከዚህ በኋላ ነው። አለማወቃችን ግን ምክንያት ሊሆነን አይችልም፤ ሳናስፈቅድ ማንሣታችንን እናውቅ ነበርና።

ከዚያም የባዮሎጂ መምህራችን ወደ ሸሪፍ ሙዚየም ይዘውን ሄዱ። ከጀጎል ተወልደን በደጁ ስንት ጊዜ እያለፍን ገብተንበት አናውቅም ነበር። ይህ ሙዚየም የአቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ ስብስብ ነው። እኒህ ሰው የከተማይቱን አሮጌ ዕቃ በግል ገንዘባቸውና በግል ድካማቸው መሰብሰብ የጀመሩት በገዛ ቤታቸው ነው፤ ከ2007 ወዲህ ግን የራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው፣ የህንድ ነጋዴ በሠራው ቤት ለሕዝብ ይታያል። ብዙ የእጅ ጽሑፍ መጻሕፍት፣ የተቀዱ የድሮ ዘፈኖች፣ ልብስ፣ ጌጥ፣ የጦር መሣሪያ፣ ስፌትና ገንዘብ በአንድነት ተጠብቀው ይገኛሉ። የተቀደደውንም መጽሐፍ መጠገንና መጠረዝ ተምረው ይሠሩታል። ሰው ከቤቱ ይዞ መጥቶ የሰጠው ብዙ ነው። እኛም በመስተዋቱ ሥር ያሉትን መሐለቆች ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከትን። ከአያታችን ጋር አንድ ዓይነት ናቸው፤ ነገር ግን የአያታችን አይደሉም። ሁለት መጫወቻዎች ከአንድ ፎርማ ቢወጡ አንዱ ለሌላው ምትክ ይሆናል። ለመሐለቅ እንዲህ እንዳልሆነ የገባን እዚያ ቆመን ሳለ ነው። ያቺ መሐለቅ ለአያታችን በሠርጋቸው ቀን ከአያታቸው እጅ የተቀበሏት ነበረች፤ ከመነካቷ የተነሣ ጽሑፉ ሊጠፋ ደርሶ ነበር። ሰውየው እንኳ አገላብጦ ካየ በኋላ፣ «እጅግ አልቃለች» ብሎን ነበር።

አንድ ቀን አያታችን፣ «መሐለቄን የሰጣችሁበትን አምጡልኝ እስቲ ልየው» አሉን። በሐረሪኛ ነው የተናገሩት። ስቴጎሶረሱን በሻሽ ጠቅልለን ወሰድንላቸው። በነደባው ላይ ተቀምጠው ነበር፤ በስተጀርባቸው ግድግዳው እንደምታውቁት በስፌትና በሳሕን ተሞልቷል። ተቀብለው ወደ ብርሃን አዙረው መረመሩት።

«ሳሕኖቹን በጀርባው ተሸክሟል» አሉ።

«አዎን አያታችን።»

«ስንት ዓመቱ ነው?»

እንስሳው ከኖረበት ዘመን 150 ሚሊዮን ዓመት ያህል እንዳለፈ፣ መጫወቻው ግን ከ1974 ወዲህ እንደ ተሠራ አስረዳናቸው።

«እንግዲያው ከእኔ ያንሳል» አሉና ከግድግዳው ውስጥ ባለው ጣቀት፣ ከሙዳያቸው አጠገብ አቆሙት። እኛም መልሰው እንዲሰጡን አልጠየቅንም። ጎረቤት ለቡና ሲመጣ እያሳዩ ታሪኩን ይነግራሉ፤ እኛ እዚያ ብንኖርም ባንኖርም ምንም ሳያስቀሩ ይናገሩታል።

ዛሬ ከዚህ ትምህርት ቤት ስንሰናበት 22ቱን መጫወቻዎች ከነደብተራቸው ለ11ኛ ክፍል ተማሪዎች እናስረክባለን፤ በሳይንስ ክፍል ባለው ቁም ሣጥን ተቀምጠዋል። ትንንሽ ልጆች ቢጫወቱባቸው አንቃወምም፤ ቍጥር 4 ግን እግሩ ጠማማ ስለ ሆነ በመጽሐፍ ደግፉት። በደብተሩ ቍጥር 23 ከተጻፈበት ገጽ ላይ ባዶ የነበረውን ዓምድ ሞልተነዋል። ንባቡ እንዲህ ነው። «ስም፦ ስቴጎሶረስ። ዋጋ፦ አንዲት የሐረር መሐለቅ፤ ባለቤቷ ሳትጠየቅ። የሚገኝበት ቦታ፦ ኤረር በር አጠገብ፣ ከአያታችን ቤት።»