የሐበሻ ሽንኩርት በቀጨኔ ጓሮ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




የዛሬው ንግግሬ ስለ ሽንኩርት መሆኑን ለማኅበራችን ጸሐፊ ስነግረው ሳቀብኝ። እኔም አልተቀየምኩትም። በዚህ መድረክ ላይ ስለ ሕግ፣ ስለ ፍልስፍናና ስለ ሀገር ዕድገት ሲነገር ኖሯል፤ ሽንኩርት ግን ስሙ የሚጠራው በወጥ ቤት ነው። ሆኖም ዛሬ ምሳውን ሽንኩርት ያልገባበት ወጥ የበላ ሰው በመካከላችን ካለ እባካችሁ እጁን ያውጣ። አንድም የለም። እንግዲያው ጉዳዩ የሁላችንም ነውና ጥቂት ደቂቃ ታገሡኝ።

የምናገርለት ሽንኩርት በገበያ ተቆልሎ የምናየው ትልቁ አይደለም። እናቶቻችን «የሐበሻ ሽንኩርት» የሚሉት፣ ራሱ ትንሽ፣ ልጣጩ ቀይ፣ ሽታው ብርቱ የሆነው ነው። «የፈረንጅ ሽንኩርት» የምንለው ትልቁ ለገበሬው በሰፊው የተዳረሰው ከ1960ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ነው። የዕፀዋት ሊቃውንት ሁለቱን አሊየም ሴፓ በሚባል በአንድ ዝርያ ውስጥ ይመድቧቸዋል። ዋናው ልዩነታቸው በአረባባቸው ነው። የፈረንጁ ከፍሬ ይዘራል፤ የሐበሻው ግን ራሱ ይተከላል። አንዱ ራስ መሬት ውስጥ እየተከፈለ አራት፣ አምስት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሆናል።

«የእናት ሆድ ዥንጉርጉር» ይባላል። የዚህ ሽንኩርት ሆድ ግን ዥንጉርጉር አይደለም፤ ከራስ የተገኙት ልጆች ሁሉ ቁርጥ እናታቸውን ናቸው። ይህም ማለት ዛሬ ባንድ ጓሮ የሚተከለው ራስ፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የኖረ ያው አንዱ ተክል ነው ማለት ነው። አበባ አውጥቶ ፍሬ የሚሰጥ ቢኖርም ከፍሬ የሚወለደው እናቱን በትክክል አይመስልም።

የኔም ፍርሃት የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው። የስንዴና የገብስ ዘር ደርቆ በቀዝቃዛ ጎተራ ለብዙ ዓመታት ይቀመጣል። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1976 የተቋቋመው፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሚባለው መሥሪያ ቤት የገበሬያችንን የእህል ዘር የሚጠብቀው በዚህ መንገድ ነው። የሐበሻ ሽንኩርት ራስ ግን ጥቂት ወራት ቆይቶ ያቆጠቁጣል፤ ካልተተከለም ይሞታል። ጎተራው መሬት ነው፤ ጠባቂውም በየዓመቱ የሚተክለው እጅ ነው። ያ እጅ አንድ ዓመት ቢያርፍ ዘሩ ከዚያ ቤት ተቋረጠ።

ገበሬው የፈረንጁን ቢመርጥ አልፈርድበትም። ለአንድ ሄክታር የፈረንጅ ሽንኩርት አራት ኪሎ ገደማ ፍሬ ሲበቃ፣ ለሐበሻው አሥር ኩንታል ገደማ ራስ ያስፈልጋል። ምርቱም የፈረንጁ ይበልጣል። ነገር ግን የሐበሻው ከጠፋ በኋላ «ከውጭ አገር እናስመጣለን» የሚል ሰው ይሳሳታል። የሰሜን አውሮፓ ሽንኩርት ራስ የሚያበጀው ቀኑ 14 ሰዓትና ከዚያም በላይ ሲረዝም ነው፤ የኛ ቀን ግን ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም አይርቅ። እዚህ ቢተከል ቅጠል ብቻ ሆኖ ይቀራል።

አሁን ወደ ሰፈሬ ወደ ቀጨኔ ልውሰዳችሁ። ቀጨኔ ከእንጦጦ ግርጌ ያለ፣ ብርዱ የበረታ፣ በሸክላ ሠሪዎቹና በሸማኔዎቹ የታወቀ ሰፈር ነው። እኔም ከመጽሐፍ ባነበብኩት ተመክቼ፣ ዝናብ ሳለ ለምን ውኃ እቀዳለሁ ብዬ፣ በሐምሌ ወር ሃያ ራስ በጓሮአችን ተከልኩ። በነሐሴ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፤ ብነቅለው ሥሩ በስብሶ ሸተተኝ። ሸክላ ሠሪ ጎረቤታችን ይህን አይተው፦

«ልጄ፣ ሽንኩርት ውኃ ይጠጣል እንጂ ውኃ ላይ አይተኛም» አሉኝ።

ቀጥለውም እሳት ላይ የተሰነጠቁባቸውን ሦስት ድስቶች ሰጡኝ። ለገበያ የማይሆን ድስት ለሽንኩርት መልካም ቤት ነው፤ በስንጥቁ ትርፉ ውኃ ይወርዳል፣ ሸክላውም አየር ያሳልፋል። ከሥሩ ገል አነጠፍኩ፤ አፈርና የበሰለ ፍግ ደባልቄ ሞላሁ። በመስከረም መጨረሻ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ የራሱ ጫፍ ከአፈሩ ብቅ እንዲል አድርጌ አንዱን ካንዱ አንድ ስንዝር ያህል እያራራቅሁ ተከልኩ። ድስት የሌለው ሰው መደቡን ከፍ አድርጎ ውኃው የሚወርድበት ቦይ ቢያወጣ ያው ነው። ከሦስት ወር በኋላ፣ በኛ ብርድ ትንሽ ዘግይቶ፣ ቅጠሉ ሲተኛ ውኃ ማጠጣት አቆምኩ፤ ነቅዬም ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር አደረቅሁት።

ሁለተኛውንም ትምህርት ያገኘሁት ከእኒሁ ሴት ነው። ብዙዎቻችን ትልቁን በልተን የተረፈውን ኮሳሳ እንተክላለን። በሽታ ያለበት ተክል ራሱ እያነሰ ይሄዳል፤ በሽታውም ከራሱ ጋር ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል። ስለዚህ ትንሽ ትንሹን ለዘር መምረጥ ብዙ ጊዜ በሽታን መምረጥ ነው። እርሳቸው ከምግቡ አስቀድመው ጤነኛውንና መካከለኛውን ለዘር ይለዩና በቋጠሮ ይሰቅሉታል። ቢቸግራቸውም ያን ቋጠሮ አይነኩም።

ጥቅሙን ለማየት ደግሞ ድስቱ ውስጥ ተመልከቱ። የሐበሻው ሽንኩርት ከትልቁ ይልቅ ውኃው ያነሰ ስለሆነ፣ በደቃቁ ተከትፎ ያለ ዘይት ሲቁላላ ቶሎ ይጠወልጋል፤ ወጡንም ያለ ሌላ ማወፈሪያ ያወፍረዋል። መላጡ አድካሚ ነው፤ ያስለቅሳልም፤ ይህን አልክድም።

ጓደኞቼ፤ የቀጨኔን ሸክላ ሠሪ ሰው ለረጅም ዘመን ንቆት ኖሯል፤ ክፉ ስምም አውጥቶለታል። እኔም ብሆን ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ወዲህ ዕውቀት ከመጽሐፍ ወደ ሰፈር የሚወርድ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሃያ ራስ ካበሰበስኩ በኋላ ግን፣ መጽሐፉ ያልጠበቀልንን ዘር የጠበቀው ያ የተናቀ እጅ መሆኑን አየሁ።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ለዕረፍት ወደየሀገራችሁ፣ ወደ ሸዋም ሆነ ወደ ሐረርጌ ስትሄዱ፣ ከእናቶቻችሁ ጓሮ አንድ እፍኝ የሐበሻ ሽንኩርት ይዛችሁ ተመለሱ። የመጣበትን ቀበሌና ባለቤቶቹ የሚጠሩበትን ስም በወረቀት ጽፋችሁ አብራችሁ ቋጥሩ። መምህራኖቻችንም ከግቢያችን አንድ ትንሽ መደብ ቢፈቅዱልን በመስከረም መጨረሻ አብረን እንተክለዋለን። ድስቱን እኔ ከቀጨኔ አመጣለሁ፤ የተሰነጠቀ ሞልቷል።