በአንድ ዓይን የተሣለ ሰው፦ ስለ ኮሚክስና ከደብተር ስለሚቀሩ ገጾች

የተጋበዝኩት የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች በኮሚክስ ጥበብ ውስጥ ስላላቸው ቦታ እንድናገር ነው። ንግግሬን ከራሴ ጥፋት እጀምራለሁ።

ወደዚህ አገር ከመምጣቴ በፊት በየካ ክፍለ ከተማ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ከፍ ብሎ በሚገኝ አንድ ቤት፣ ለወጣቶች ሥዕል አስተምር ነበር። ከመስኮቱ የእንጦጦ ባሕር ዛፍና የማገዶ እንጨት ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱ እናቶች ይታያሉ። አንድ ቀን የ22 ዓመት ተማሪዬ ደብተሩን አመጣልኝ። ገጾቹን በሳጥን በሳጥን ከፋፍሎ የሠራው ኮሚክስ ነበር። ሁለት ወጣት ወንዶች የእንጦጦን ዳገት ይወጣሉ፤ ዳቦ ይካፈላሉ፤ እንጨት ለተሸከመች እናት መንገድ ይለቃሉ። እጅ ለእጅ ተያይዘዋል፤ ይህ በአገራችን በጓደኛሞች ዘንድ የተለመደ ነውና ማንንም አያስደንቅም። በመጨረሻው ሳጥን ግን ከተማዋን ቁልቁል እያዩ አንዱ ሌላውን «አብረን እናርጅ» ይለዋል።

ደብተሩን ዘጋሁት። «ሥዕልህ ግሩም ነው፤ አንዱን ግን ሴት አድርገው» አልኩት። «እሺ፣ ጋሼ» ብሎኝ ወጣ። ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

ስለ አደጋው አልተሳሳትኩም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚፈጸምን ግንኙነት በእስራት ያስቀጣል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግር አዋጅ ሃይማኖትን፣ ጾታንና አካል ጉዳተኝነትን እየጠቀሰ ጥበቃ ሲያደርግ፣ እነዚህን ሰዎች አይጠቅስም። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባ አስተዳደር በሆቴሎችና በመዝናኛ ቤቶች ላይ እርምጃ እንደሚወስድ አስታውቋል። እንግዲህ ፍርሃቴ መሠረት ነበረው። የተሳሳትኩት ለፍርሃቴ በሰጠሁት መልስ ነው፤ ተማሪዬን የምሸሽገው መስሎኝ ከራሱ ታሪክ አስወጣሁት።

በሳጥን ተከፋፍሎ የሚተረክ ሥዕል ለእኛ ባዕድ አይደለም። የንግሥተ ሳባና የሰሎሞን ታሪክ ብዙ ጊዜ በ44 ክፍሎች እየተሣለ፣ ከየክፍሉ ጋር ጽሑፍ እየታከለበት በአዲስ አበባ ሲሸጥ ኖሯል። የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችንም ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ሥርዓት አለው፦ ጻድቅ ፊቱ ወደ እኛ ዞሮ በሁለት ዓይኖቹ ይሣላል፤ ኃጥእ ግን በጎኑ፣ በአንድ ዓይን ብቻ። ሁለት ዓይን ያለው ያየናል፤ እኛም እናየዋለን። ባለ አንድ ዓይኑን የምናየው እኛ ብቻ ነን። ስለ ሃይማኖት ትምህርት ልከራከር አልመጣሁም፤ የምጠይቀው ስለ ዛሬው ብዕራችን ነው። የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ በቀልዳችንና በትረካችን ውስጥ ሲገባ እንደ መሳቂያ፣ እንደ በሽተኛ ወይም እንደ አሳሳች በአንድ ዓይን ይሣላል። አለዚያ ከነጭራሹ አይሣልም። እኔም በዚያ ቀን ሦስተኛ መንገድ ጨመርኩ፤ የሌላ ሰው ፊት ሰጠሁት።

የምንጠራበትም ቃል እንዲሁ የፍርድ ቃል ነው። እነርሱ ግን እርስ በርሳቸው «ዜጋ» እንደሚባባሉ በአዲስ አበባ የተደረጉ ጥናቶች መዝግበዋል። ስም የተነፈገ ወገን ለራሱ ከመረጣቸው ቃላት መካከል ይህ ትልቁ ይመስለኛል።

ኮሚክስ በሌላውም ዓለም ከዚህ ፈተና አላመለጠም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1954 አሳታሚዎች ራሳቸው ያወጡት ደንብ እንዲህ ያለውን ፍቅር በጥቆማ እንኳ ማንሣትን ከለከለ፤ ክልከላው እስከ 1989 ዘለቀ። በሩ የተከፈተው ግን በትልልቆቹ አሳታሚዎች ችሮታ አልነበረም። ሃዋርድ ክሩዝ በ1980 የራሳቸውን ሕይወት የሚሥሉ ሠዓሊያንን በአንድ አነስተኛ መጽሔት ሰበሰበ። አሊሰን ቤክደል ከ1983 ጀምሮ ለ25 ዓመታት ያህል የሣለችውን ተከታታይ ሥራ ያቆዩት አነስተኛ ጋዜጦች ናቸው። እነዚያ ጋዜጦች ባይኖሩ፣ በ2006 ያሳተመችውና ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው የሚነበበው የቤተሰቧ ታሪክ መሠረት ባጣ ነበር። በ2003 የተቋቋመው ፕሪዝም ኮሚክስም ለእንዲህ ያሉ ሠዓሊያን የገንዘብ ድጎማ መስጠት ጀመረ።

«ይህ የምዕራባውያን ታሪክ ነው» የሚለኝ ካለ፣ የኮት ዲቯር ተወላጇን የማርጌሪት አቡዌን «አያ» ያንብብ። ታሪኩ የሚጀምረው በ1970ዎቹ መጨረሻ በአቢጃን ከተማ ዮፑጎን በተባለ ሰፈር ነው። በዚያ ሰፈር ሐሜት፣ ጭፈራና የልጅ አሳዳጊ ጭንቀት መካከል ኢኖሳን የሚባል ፀጉር ሠሪ አለ፤ የሚያፈቅረው ወንድ ነው። ደራሲዋ መፈክር አላሸከመችውም። ጎረቤት አደረገችው፤ ሁለት ዓይን ሰጠችው።

በእኛም ዘንድ እ.ኤ.አ. በ2018 «ጀምበር» በአማርኛና በእንግሊዝኛ ሲወጣ፣ ሥራ ፈላጊ የአዲስ አበባ ወጣት ልዕለ ጀግና ሆኖ አየነው። ብዙዎቻችን የተደሰትነው በጉልበቱ አልነበረም፤ የምናውቀውን መንገድ በምናውቀው ቋንቋ ስለሄደበት ነው። ያ ደስታ ለእኛ ተገቢ ከሆነ ለዚያ ልጅስ?

እንግዲህ ከእኛ ምን ይጠበቃል? አንደኛ፣ ድጋፍ ማለት ማጋለጥ አለመሆኑን እንወቅ። አገር ቤት ያለ ሠዓሊ በብዕር ስም የመሥራት መብቱ ይጠበቅለት፤ ስሙን፣ ፎቶውንም ሆነ ሰፈሩን ለድጋፋችን ማስያዣ አንጠይቀው። ሁለተኛ፣ በውጭ የምንኖር መምህራንና አርታዒያን ሥራውን በነጻ ሳይሆን በክፍያ እንቀበል፤ ምስጋና የቤት ኪራይ አይከፍልም። ሦስተኛ፣ ዛሬ ሊታተም የማይችለውን ደብተር ባለቤቱ እስኪፈቅድ ድረስ በአደራ የሚያቆይ የዩኒቨርሲቲ መዝገብ ቤት ይኑር። አራተኛው ለመምህራን ነው፤ ተማሪ የሚያሳየንን ገጽ ከማረማችን በፊት እናንብበው። አደጋውን በግልጽ እንንገረው፤ ውሳኔውን ግን ለእርሱ እንተውለት።

እኔ ይህን አላደረግሁም። «ይህን ገጽ የት ልናስቀምጠው እንችላለን?» ብዬ ብጠይቀው ኖሮ ምናልባት ደብተሩ ዛሬ በእጃችን ይገኝ ነበር። ያ ወጣት አሁን የት እንዳለ አላውቅም። ዛሬም ይሥል እንደሆነ፣ ይህ ንግግርም ከደረሰው፣ ያኔ የሰጠሁትን እርማት አንሥቻለሁ። የመጨረሻው ሳጥን እንደነበረ ይሁን።